የሰሚዎች አጎዛ

አክስቴ ለአባቴ ያስጻፉት ደብዳቤ አጭር ነበር። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ውኃ የሚቀዳልኝ ሰው አላጣሁም። ማንበብ የምትችል ልጅ ካለችህ ላክልኝ» ይላል። አባቴ ቢቸና ከቤታችን ደጃፍ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ወደ እኔ ተመለከቱ። ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት በዚያው ሰኔ ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። «ልጅ ለሥራ ስትሰጥ አይቻለሁ፤ ለመጽሐፍ ስትሰጥ ግን አላየሁም» አለች።

«ትምህርቷን ሞጣ ትቀጥላለች» አሉ አባቴ። «እህቴ ብቻዋን ናት።»

«ብቻቸውን ከሆኑ ለምን እዚህ አይመጡም?»

«መጽሐፉን ትታ አትመጣም።»

ስለ መጽሐፉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በአንዲት ቅቤ ነጋዴ መካከል ተቀምጬ ሞጣ ገባሁ።

አክስቴ ቀጭንና ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ስመውኝ ሲያበቁ እግሬን እስክታጠብ እንኳ አልጠበቁም። «እጅሽን ብቻ ታጠቢ» አሉኝና ወደ አዳራሹ ወሰዱኝ። አዳራሹ ሰፊና ባዶ ነበር። በአንዱ ጥግ አትሮንስ ቆሟል፤ ከአጠገቡ ካለው ምሰሶ ላይ የቆዳ ማኅደር በጠፍር ተንጠልጥሏል። መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጡት። ሽፋኑ እንጨት ነው፤ ብራናው ጠርዝ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። አትሮንሱ ላይ ዘርግተው «እስቲ» አሉኝ።

ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ቋንቋው ግን ግዕዝ ነው። እየተንተባተብኩ ግማሽ ገጽ ያህል አነበብኩ። አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር።

«ገባሽ?»

«አልገባኝም፣ አክስቴ።»

«አይግባሽ። ድምፅሽ ይበቃል።»

ነገሩን የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው። መጽሐፉን የአክስቴ ባል ከአባታቸው ወርሰውታል። የአንድ መነኩሴ ታሪክ ነው፤ ሌላ ቦታ አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ባልየው በሕይወት ሳሉ እሑድ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እህል ከቀመሰ በኋላ፣ የዚህ ቤት በር ለሰሚ ይከፈት ነበር። ባልየው ግዕዙን ያነባሉ፤ አንድ መሪጌታ ከጎናቸው ተቀምጠው የተነበበውን በቃላቸው ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ሰው አዳራሹን ሞልቶ ይተርፍ ነበር አሉ። የተረፈው ውጭ ከታዛው ሥር ተቀምጦ ይሰማል።

ሰሚ ሁሉ መቀመጫውን፣ የበግ አጎዛ፣ ይዞ ይመጣል። በየሳምንቱ ተሸክሞ ላለመመላለስ ግን ጠቅልሎ እዚያው ከመደቡ ሥር ይተወዋል። ይህ ከጊዜ ብዛት ደንብ ሆነ። አጎዛው በዚያ ቤት ያለ ሰው፣ ሰሚ ነው። መስማት የተወ ሰው አጎዛውን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ባልየው ሊሞቱ ሲሉ በሽማግሌ ፊት ተናዘዙ። ሦስት ሰሚ እስካለ ድረስ መጽሐፉ ከቤቱ አይውጣ፤ ሰሚ ከሦስት ካነሰ ግን ለደብሩ ዕቃ ቤት ይግባ አሉ። ለምን ሦስት ሲሏቸው፣ «አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ስለ ከብቱ ያስባል፤ አንድ እንኳ የሚሰማ ይገኝ ብዬ ነው» ብለው ቀለዱ ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ በሙት ዓመታቸው ዕለት ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ፣ ወደ ቤቱ መጥተው ሰሚ ይቆጥራሉ።

እኔ ስደርስ መሪጌታውም ሞተው ነበር። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ አማርኛውን ግን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። አርባ ዓመት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆነው ሰምተውታል። እኔ የማይገባኝን ግዕዝ አነባለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አንብበው የማያውቁትን አማርኛ ይናገራሉ። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ እንሆናለን። ያኔ ይህ ያስቀኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሰሚዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዲት እማሆይ፣ አንድ ሸማኔና የጎረቤት ባለ ሱቅ የሆኑ ሐጂ። እማሆይ ከአትሮንሱ ፊት ለፊት፣ ሸማኔው ከምሰሶው ሥር፣ ሐጂ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። የሌሎቹ አጎዛ አንድ በአንድ ወጥቶ አልቋል። የሞቱትን ሰዎች አጎዛ ቤተሰባቸው ወሰደ፤ የሰለቻቸው ራሳቸው ወሰዱ። አክስቴ የአንዱን አወጣጥ ሲያነሱ፣ «አጎዛውን ገበያ እንደሚያወጣው ሁሉ በትከሻው ጣል አድርጎ ሄደ» ይሉ ነበር። ከዚያ በላይ አይሉም።

ሐጂ አባታቸውም እዚያው በር አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ እንደነበር ይናገራሉ። አክስቴ ለሌሎቹ ጠላ፣ ለሳቸው ብርዝ ያቀርባሉ።

«ሐጂ፣ ዛሬም መጡ? ሱቁን ማን ይጠብቅልዎ?»

«ሱቁ የትም አይሄድም። የሚሄድ መነኩሴው ነው። የት ደረሰልን?»

«ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ያቆምነው።»

«ይኸውልሽ! ሰውየውን ሳምንት ሙሉ ገደል አፋፍ ላይ አቁመሽ አንቺ እንቅልፍሽን ተኛሽ።»

እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሸማኔው ገና ንባቡ ሲጀመር ያንቀላፋል። ሐጂ በበትራቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል። «ተነሣ፤ መነኩሴው ወደቀ።»

«አልወደቀም፤ እየሰማሁ ነው» ይላል ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሂዱ አለ።»

ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚመልሰው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ይሆናል። ታሪኩ እንዲህ ነበርና። መነኩሴው ሰባት ደቀ መዛሙርቱን አስከትሎ በዓባይ ገደል አፋፍ አፋፉን ይጓዛል። በየማረፊያው ከሰባቱ አንዱ ይቀራል። አንዱ ይታመማል፤ አንዱ እናቱ ትዝ ትለዋለች፤ አንዱ አገሩን ይወደዋል። የሚቀረው ሁሉ ሲሰናበት አንድ ቃል ይሰጣል። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ» ይላል። መነኩሴውም ከዚያ በኋላ ሲያስተምር ለቀሩት ቦታቸውን ክፍት ትቶ፣ እንዳሉ አድርጎ ይናገራል።

የዕለቱ የንባብ ክፍል ሲያልቅ እማሆይና ሸማኔው «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላሉ። ሐጂ ሳላቸውን አስቀድመው «ዕድሜ ይስጥሽ» ይሉኛል። አክስቴ ምርቃቱን ሳይሰሙ መጽሐፉን አያስዘጉኝም። በመጀመሪያው ሙት ዓመት ቄሰ ገበዙ ከበሩ ሳያልፉ ሦስቱን በጣታቸው ቆጠሩና ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል ስገባ፣ እማሆይ ታመሙ። ዘመዶቻቸው በበቅሎ ወደ መርጡለ ማርያም ወሰዷቸው። አጎዛ ማንጠፍ የእኔ ሥራ ስለነበረ በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ብቻ አወጣሁ።

«የእማሆይስ?» አሉ አክስቴ።

«እማሆይ ሄደዋል እኮ።»

«አጎዛቸውን ወሰዱ?»

«አልወሰዱም።»

«እንግዲያ።»

አነጠፍኩት።

ቀጥሎ ሸማኔው ቀረ። በገበያው ዳር ያለው ጠጅ ቤት በዚያ ዓመት ሬዲዮ አስገብቶ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘፈን አለ፤ ቀጥሎ ወሬ አለ፤ ሰው ከአጥሩ ውጭ ሳይቀር ቆሞ ይሰማል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ እዚያ አጥር ሥር እቆም ነበር። ሸማኔውን እዚያው አገኘሁት።

«ጋሼ፣ አጎዛዎን ይወስዱ እንደሆነ ጠይቂ ተብያለሁ።»

አፈረ። «የለም፣ የለም፤ እዚያው ይቆይ። እመጣለሁ። ሬዲዮው እኮ አንዴ ካለፈ አለፈ ነው። መጽሐፉ የት ይሄዳል? ሁልጊዜ አለ።»

ይህን ንግግር ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ራሴም ብዬው አውቃለሁ።

ሐጂ እስከ ጥር ቆዩ። የሚቀሰቅሱት ሰው ስላጡ በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ቀልዳቸውም ቀነሰ። ከዚያ ዓይናቸው ደከመና ልጃቸው ወደ ባሕር ዳር ሊወስዳቸው መጣ። ሊሰናበቱ መጥተው በትራቸውን ተደግፈው ከበሩ ላይ ቆሙ።

«አጎዛው?» አሉ አክስቴ። ሲጠይቁ አላዩዋቸውም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

ሐጂ ሳቁ። «ተይው ባክሽ። እኔ ከዚያ ሆኜ እሰማለሁ።»

የመጽሐፉን ቃል ወስደው መቀለዳቸው ነበር። አክስቴ አልሳቁም። እንደ ተሰጠ ቃል ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ የማነበው ለሦስት ባዶ አጎዛ ነው።

አክስቴ ከቀድሞው ምንም አልቀየሩም። በሩን ይከፍታሉ፤ ጠላውንና ብርዙን በየቦታው ያኖራሉ፤ እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው አማርኛውን ፊታቸውን ወደ አጎዛዎቹ መልሰው ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ንባቡ ካለቀ በኋላ ውኃ ጠምቶኝ የሐጂን ብርዝ ጠጣሁት። አክስቴ ባዶውን ዋንጫ አነሡና «የሰው ድርሻ ጠጣሽ» አሉኝ። አልተቆጡም። እንደሚያሳስብ ሰው ብቻ ነው የተናገሩት።

ክፍሉ ሲያልቅ ዝም ይላሉ። ሦስት ሰው ተራ በተራ ለመመረቅ የሚፈጅበትን ያህል ዝም ብለው «አሜን» ይላሉ። ያን ዝምታ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የእማሆይ፣ ረዘም ያለ፤ ቀጥሎ የሸማኔው፣ አጭር፤ መጨረሻ ሳሉ ያለበት የሐጂ። የሐጂ ሳል ሊሆን በሚገባበት ላይ የአክስቴ ራስ በየጊዜው ወደ በሩ ዞር ይል ነበር። እኔም ሳላስበው አብሬ እዞራለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ከውጭ ግቢውና የአጥሩ ቅንጭብ ይታያል፤ ሌላ የለም።

አጎዛዎቹን አራግፌ የምጠቀልለውም እኔ ነኝ። ሲራገፍ ጠጉሩ ይቆማል፤ ቆሞም ይነጠፋል። የካቲት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ የእማሆይን አጎዛ ለማንሣት ጎንበስ ስል ከመሐሉ ጠጉሩ ተኝቶ አየሁ። እንደ ትንሽ ሴት መቀመጫ ክብ ሆኖ ተኝቷል። እጄን አሳረፍኩበት። አልሞቀም። ሞቆ ቢሆን ኖሮ የጎረቤት ድመት ተኝቶበት ነው እል ነበር። ንባቡ ከተጀመረ ጀምሮ ዓይኔ ከአጎዛው ብዙም አልራቀም፤ ድመትም አላየሁም። አራገፍኩት፤ ጠቅልዬ ከመደቡ ሥር አስገባሁት። ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።

በሚያዝያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀረበ። መምህሮቻችን ያልተዘጋጀ ይወድቃል እያሉ ያስፈራሩን ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ አክስቴን ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይሞከርም። አንድ እሑድ ቶሎ ለመጨረስ ብዬ አንዱን የብራና ቅጠል ዘለልኩት። ሳላውቅ አልነበረም። ከላይኛው ቅጠል ጋር አንድ ላይ ይዤ ገለጥኩትና ከሚቀጥለው ገጽ ማንበቤን ቀጠልኩ። ስጨርስ አክስቴ አማርኛውን አልጀመሩም። ወደ እማሆይ አጎዛ ፊታቸውን መልሰው፣ ዝቅ ብሎ የሚናገር ሰው እንደሚሰማ ሰው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እማሆይ የቀረ አለ ይላሉ።»

ቅጠሉን መልሼ የዘለልኩትን አነበብኩ። አክስቴም አማርኛውን ተናገሩ።

በዚያ ቅጠል ያለው የአምስተኛው ደቀ መዝሙር ነገር ነው። ሌሎቹ ሲቀሩ የሰጡትን ቃል እሱ ሳይሰጥ ጠፋ። መነኩሴው መንገዱን ተመልሶ ፈለገው። ተቀምጦበት የነበረውን ሣር እንደተኛ አገኘው እንጂ ሰውየውን አላገኘውም። ከተኛው ሣር ፊት ቆሞ የዕለቱን ትምህርት ተናገረና መንገዱን ቀጠለ። መጽሐፉ ስለ አምስተኛው ከዚህ ሌላ የሚለው የለም።

አርባ ዓመት የሰማ ጆሮ፣ ቋንቋውን ባያውቀውም፣ አንድ ነገር ሲጎድል ያውቃል። ያኔም እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ።

ሙት ዓመቱ በግንቦት ዋለ። ቄሰ ገበዙ ዣንጥላቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡ። አጎዛዎቹ ተነጥፈዋል፤ ጠላውና ብርዙ ተቀድቷል፤ እኔ ከአትሮንሱ ኋላ ቆሜያለሁ።

«እንዴት ዋሉ፣ እሜቴ? ሰሚዎቹ ገና ናቸው?»

«ተቀምጠዋል» አሉ አክስቴ።

ቄሰ ገበዙ አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ሰው አላይም።»

«አጎዛውን የወሰደ የለም። ደንቡን ያውቁታል፣ አባ።»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን ሐጂ ባሕር ዳር ናቸው። እማሆይ መርጡለ ማርያም ናቸው። ሸማኔውን አሁን ከሬዲዮው ሥር አይቼው መጣሁ፤ ሰላም እንኳ አላለኝም።»

«ከዚያ ሆነው ይሰማሉ።»

ቄሰ ገበዙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥለው ለመሄድ ምክንያት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«የምታነቢ አንቺ ነሽ። ንገሪኝ እስቲ፣ ልጄ፤ ስታነቢ ሦስት ሰሚ አለ?»

አለ ብል ይሄዱ ነበር። አክስቴም መጽሐፋቸው ይቀርላቸው ነበር። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። የአጎዛው ክብ ትዝ አለኝ፤ ፈተናው ትዝ አለኝ፤ የሚቀጥለው እሑድ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ታየኝ።

«የለም» አልኩ። «እኔና አክስቴ ብቻ ነን።»

የተናገርኩት እውነት ነው። የተናገርኩት ግን እውነት ስለሆነ አልነበረም። ከዚያ አዳራሽ መውጣት ፈልጌ ነው።

አክስቴ ወደ እኔ አልተመለከቱም። መጽሐፉን ከአትሮንሱ አንሥተው በማኅደሩ ከተቱት፤ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ አዙረው በራሳቸው እጅ ቋጠሩት። የሚቋጥሩት ግራቸውን ከላይ አድርገው ነበር፤ እንደዚያ የሚቋጥር ሌላ ሰው አላየሁም። ከዚያ ለቄሰ ገበዙ ሰጡ።

«እዚያ ማን ያነበዋል?»

«ዕቃ ቤት ነው፣ እሜቴ። ይቀመጣል።»

«ይቀመጣል» አሉ አክስቴ።

ያን ሳምንት እንደ ወትሮው ምግቤን አቀረቡልኝ፤ ከወትሮው ያነሰም የበዛም አልተናገሩም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ በግቢው ጥላ ሥር ስቀመጥ ከአዳራሹ ጠሩኝ። ስገባ አጎዛዎቹን ራሳቸው አንጥፈዋቸዋል። አትሮንሱ ባዶውን ቆሟል።

«አንብቢ።»

«ምኑን፣ አክስቴ?»

«ያለሽን።»

በእጄ የነበረው የሳይንስ መጽሐፍ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አትሮንሱ ላይ ዘረጋሁትና ስለ ውኃ መትነን የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ። አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ዝም ስል አማርኛውን ቀጠሉ። «መነኩሴውም ከስድስተኛው ጋር ወደ ቆላው ወረደ» አሉ። ልክ ትልቁ መጽሐፍ ካቆመበት ነው። ለሳቸው እንግሊዝኛውም ግዕዙም የእኔ ድምፅ ነበር። መምህሮቼ ቢሰሙ በሳቅ ይፈነዱ ነበር። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ከመቼውም ይልቅ ተጠንቅቄ አነበብኩ።

መሐል ላይ በበሩ ነፋስ ገባ። ቅጠሉ ተገላበጠብኝ፤ የት እንደነበርኩ ሳልፈልግ ከመጣልኝ ገጽ ቀጠልኩ። ጥቂት መስመር ሳልሄድ አክስቴ እጃቸውን አነሡ። ጎንበስ ብለው ከፊት ለፊት ያለውን አጎዛ ሰሙ።

«እማሆይ የቀረ አለ ይላሉ።»

ስለዚህኛው ለራሴ የምነግረው ምክንያት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ገጹን መልሼ ፈለግሁ፤ የቀረውን አነበብኩ።

እስከ ነሐሴ ድረስ እሑድ እሑድ እንዲሁ አነበብኩ። ሳይንሱ ሲያልቅ ጂኦግራፊውን ጀመርኩ። ፈተናውን አለፍኩ። ለሁለተኛ ደረጃ ደብረ ማርቆስ እንድሄድ አባቴ ወሰኑ። ከመሄዴ በፊት ባለው እሑድ ወደ አዳራሹ ስገባ አራት አጎዛ ተነጥፏል። አራተኛው አዲስ፣ ነጭ፣ ገና የፋቂው ሽታ ያለበት ነበር። ከአትሮንሱ በስተ ግራ ነው የተነጠፈው።

«የማን ነው?»

«የአንቺ።»

«እኔ አነባለሁ እንጂ አልሰማም እኮ።»

«ስትሄጂስ?» አሉ።

ያን ቀን እንደ ሁልጊዜው ቆሜ አነበብኩ። ሲያልቅ የዝምታው ርዝመት ጨምሮ ነበር። ሦስቱ ካለፉ በኋላ አክስቴ ጥቂት ቆይተው ነው «አሜን» ያሉት። ነጩን አጎዛ ሳልነካው ከአዳራሹ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ መኪናው ሸኙኝ። ሳሙኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አጣምረው ቆሙ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። አክስቴ ዝም ብለው ያዩኛል። ዝምታቸውን አውቀዋለሁ፤ የሚጠብቁትንም ቃል አውቀዋለሁ። አራት ቃል ነው፤ ብናገረው ምንም አይጎዳኝም ነበር።

«ደኅና ይሁኑ፣ አክስቴ» ብዬ ገባሁ።

ደብረ ማርቆስ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሽርሽር ይወጣሉ፤ እኔን ግን መውጣት አያሰኘኝም። አንድ ጊዜ አንደኛዋ የረሳችውን ልትወስድ ስትመለስ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ አገኘችኝ። «ምን እየሰማሽ ነው?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ከሞጣ የሚመጡ ሰዎች እንዳወሩት አክስቴ እሑድ እሑድ በሩን ከፍተው ብቻቸውን ይናገራሉ፤ እየቆዩም ዝም ይላሉ፤ እንደገና ይናገራሉ። ሰው በዚያ በር ማለፍ ፈርቶ በማዶ በኩል መሄድ ጀምሯል አሉ።

አክስቴ የሞቱት እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከቀብሩ በኋላ ደረስኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ደብሩ ነው። ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱን ከፈቱልኝ፤ መጽሐፉን ለማግኘት ብዙ ፈለጉ። ከሌሎች ሥር ነበር። አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝና ሰጡኝ። የጠፍሩ ቋጠሮ ግራው ከላይ ነው። ከአክስቴ እጅ ከወጣ ጀምሮ የፈታው ሰው የለም። እኔም አልፈታሁትም፤ መልሼ ሰጠኋቸው።

ቤቱን አንዲት የባላቸው ዘመድ እያጸዳች ነበር፤ ሊከራይ ነው። አዳራሹን ገና አልነካችውም። አራቱም አጎዛዎች እንደተነጠፉ ናቸው። የእማሆይን፣ የሸማኔውንና የሐጂን ብል በልቷቸው ጠጉራቸው በነፋስ ይበናል። አራተኛው ደኅና ነው።

«የአንቺ የትኛው ነው?» አለችኝ ሴትየዋ። «ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ አለሽ አሉ። ውሰጂው፤ ሌላውን አወጣና አቃጥለዋለሁ።»

ዝቅ ብዬ አየሁት። ጠጉሩ ከመሐሉ ተኝቷል። ብዙ ጊዜ፣ ለዓመታት፣ በአንድ ቦታ ሲቀመጡበት እንደሚሆነው ነው የተኛው፤ ከዳር ዳሩ ግን እንደ አዲስ ቆሟል። እጄን አሳለፍኩበት፤ አልተነሣም። አክስቴ በሰው አጎዛ የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። እኔም አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም።

ሴትየዋ መጥረጊያዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ይቆይ» አልኳትና ሳልወስደው ወጣሁ።